ከ50 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ የብርሃን ሞዱሌተር፦ ከወረቀት ስሌት እስከ ማስክ ፋይል

ሞዱሌተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክትን በብርሃን ላይ የሚጽፍ ቺፕ፣ ዲዛይን የሚያደርግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜውን ብርሃኑ የሚሄድበትን ቦይ በማሳመር ይፈጃል፤ ቮልቴጁን የሚያመጣውን የወርቅ ኤሌክትሮድ በመጨረሻው ሳምንት ይስለዋል። ቺፑ ተሠርቶ ሲመጣ 20 ጊጋኸርዝ ላይ ይደክማል። ምክንያቱ ሲፈለግ ክሪስታሉ ንጹሕ ነው፣ ቦዩም ደህና ነው፤ ያልታሰበበት ወርቁ ነው። በዚህ መመሪያ ረጅሙ ክፍል የኤሌክትሮዱ የሆነው ለዚህ ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

የምንሠራው በስስ የሊቲየም ናዮቤት ፊልም ላይ የሚቀረጽ ማክ-ዜንደር ሞዱሌተር ነው። የሌዘር ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ክንዶች ጎን ለጎን ሄደው መልሰው ይገናኛሉ። በክንዶቹ ዳር ባለው ኤሌክትሮድ ላይ ቮልቴጅ ሲመጣ የክሪስታሉ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ፣ ማለትም ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚናገረው ቁጥር፣ በጥቂቱ ይለወጣል፤ አንዱ ክንድ ብርሃኑን ያዘገየዋል፣ ሌላው ያፈጥነዋል። ሲገናኙ ወይ ተደጋግፈው ይበራሉ ወይ ተጠፋፍተው ይጨልማሉ። ኢንዴክሱ በኤሌክትሪክ መስኩ ልክ የሚለወጥበት ይህ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1893 ባጠናው ጀርመናዊ በፍሪድሪክ ፖክልስ ስም ይጠራል።

ቺፑ የሚመረተው ውጭ አገር፣ ብዙ ደንበኞች አንድ ዋፈር (ቺፖች የሚቀረጹበት ስስ ዲስክ) በሚጋሩበት ዙር ነው። ጎንደር ላይ የሚሠራው ዲዛይኑ ነው፤ እሱም በነፃ ሶፍትዌር ከዳር ይደርሳል። ለብርሃኑ ሞድ (ብርሃኑ በቦዩ ውስጥ ለሚይዘው ቅርጽ) በፓይተን የሚሠራው ፌምዌል፣ ለኤሌክትሮስታቲክ ኤፍኢኤምኤም፣ ለሙሉ ሞገድ ስሌት ኦፕንኢኤምኤስ፣ ማስኩን (አምራቹ ቺፑን የሚቀርጽበትን ሥዕል) ለመሳል ጂዲኤስፋክቶሪ፣ ለማየትና ለመፈተሽ ኬሌይአውት ይበቃሉ። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይህን ሁሉ ይሸከማል፤ ሙሉ ሞገዱ ግን ሌሊቱን ይፈጃል። መብራት ሌሊት ሊሄድ ስለሚችል ስሌቱን በአንድ ትእዛዝ አትልቀቁት። ኦፕንኢኤምኤስ ከ1 እስከ 80 ጊጋኸርዝ ያለውን በአንድ ስሌት ስለሚያወጣ ሥራውን በእጩ ዲዛይን ክፈሉና እያንዳንዱ እጩ እንዳለቀ ውጤቱ ለብቻው ፋይል ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። መብራት 3 ሰዓት ላይ ሄዶ ቢመጣ ስሌቱ የሚቀጥለው ካቆመበት እጩ ይሆናል።

1. ልኩን ከመንገዱ ውሰዱ

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1,550 ናኖሜትር ላይ ተራ ነጠላ ሞድ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ይበላል፤ በጠቅላላው 36 ዴሲቤል። ይህን አምፕሊፋየር ይመልሰዋል። አምፕሊፋየር የማይመልሰው መበተኑ ነው፣ ማለትም የተለያየ የሞገድ ርዝመት በተለያየ ፍጥነት ሄዶ ምልክቱ መለጠጡ፦ በኪሎ ሜትርና በናኖሜትር 17 ፒኮሰከንድ፣ በዚህ ርቀት ከ3,000 በላይ። በሰከንድ 10 ጊጋ ምልክት የሚልክ ማብራት-ማጥፋት ያለ ማካካሻ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ምልክቱን 5 እጥፍ ብታፋጥኑት ርቀቱ 25 እጥፍ ያጥራል፤ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል። ስለዚህ ለባሕር ዳሩ መስመር፣ ተቀባዩ መበተኑን በስሌት እንዲያርመው፣ የብርሃኑን ፌዝም የሚጽፍ፣ ሁለት ማክ-ዜንደር የተጣመሩበት ኮሄረንት ሞዱሌተር ያስፈልጋል። እዚያው ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ላለው አጭር መንገድ ደግሞ መበተኑ ዜሮ በሚጠጋበት 1,310 ናኖሜትር ላይ የሚሠራ አንድ ማክ-ዜንደር ከአራት የብርሃን ደረጃዎች ጋር በቂ ነው።

የሁለቱም ልብ አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ለ1,550 የምናሰላውን የምንይዘው በዚህ ልክ ነው፦ ባንድዊድዝ፣ ማለትም ምላሹ በ3 ዴሲቤል ሳይወርድ የሚደርስበት ድግግሞሽ፣ ከ50 ጊጋኸርዝ በላይ፣ ብርሃኑን ከሙሉ ብሩህ ወደ ሙሉ ጨለማ የሚያመጣው ቮልቴጅ፣ ማለትም ቪ-ፓይ፣ ከ3 ቮልት በታች፣ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ኤሌክትሮዱ በላዩ ለሚጓዘው ሞገድ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ 50 ኦም፣ የብሩህና የጨለማ ልዩነት ከ20 ዴሲቤል በላይ። ይህን በአንድ ገጽ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ በየደረጃው ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ።

2. ዋፈሩና አቅጣጫው

600 ናኖሜትር ሊቲየም ናዮቤት፣ ከሥሩ 4.7 ማይክሮሜትር ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ፣ ከዚያ በታች ከፍተኛ ሬዚስቲቪቲ ያለው ሲሊኮን ይሁን። መሠረቱ ተራ ሲሊኮን ከሆነ በኤሌክትሮዱ ላይ ምልክቱን ይዞ የሚጓዘውን የማይክሮዌቭ ሞገድ ይበላዋል፤ ወርቁ የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

ክሪስታሉ ኤክስ-ከት ይሁን። በዚህ አቆራረጥ ኃይለኛው ዜድ አክሲስ በዋፈሩ ገጽ ላይ ተኝቷል፤ ኤሌክትሮዶቹ ግራና ቀኝ ሲቀመጡ መስኩ በዜድ በኩል ያልፋል፣ ብርሃኑ ደግሞ በዋይ በኩል ይሄዳል። ያን ጊዜ የምንጠቀመው መስኩ ኢንዴክሱን ምን ያህል እንደሚለውጥ ከሚናገሩት ቁጥሮች ትልቁን ኮኤፊሸንት፣ አር33ን፣ 31 ፒኮሜትር በቮልት ገደማ የሆነውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሙሉ ዙር ያስከፍላል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል መሣሪያው በማስኩ ላይ 90 ዲግሪ ይዞራል። በሥዕሉ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ሥዕሉ የአምራቹን ሕግ መጠበቁን የሚያየው ፍተሻም ያልፋል። ግን መስኩ በዋይ በኩል ሆነ ማለት ነው፤ ኮኤፊሸንቱ ከ31 ወደ 7 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ቪ-ፓይ ደግሞ ከ4 እጥፍ በላይ ያድጋል። በማስኩ ጥግ ላይ የዜድ አቅጣጫ ቀስት ሳሉ፤ ከአምራቹም የዋፈሩ ጠፍጣፋ ጠርዝ በየትኛው አክሲስ እንደተቆረጠ በጽሑፍ ጠይቁ።

3. ቦዩ

ቦዩን (ዌቭጋይዱን) 300 ናኖሜትር ቆርጣችሁ 300 ናኖሜትር ከሥር ተዉ። የላይኛው ስፋት 1.5 ማይክሮሜትር ይሁን። ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሊቲየም ናዮቤት ሲቀረጽ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ያጋድላል፣ በሞዴላችሁ ውስጥም እንዲሁ አጋድሉት። የብርሃኑ መስክ አግድም በሆነበት ሞድ ግሩፕ ኢንዴክሱን፣ ማለትም በብርሃኑ ላይ የተጻፈው ምልክት የሚጓዝበትን ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር፣ አስሉ፤ 2.25 አካባቢ ይወጣል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኤሌክትሮዱ የሚገራው ለእሱ ነው።

መታጠፊያውን ከ100 ማይክሮሜትር ራዲየስ በታች አታድርጉ፣ ቀስ ብሎ የሚጀምር የኦይለር ቅርጽም ስጡት። በኤክስ-ከት ላይ ብርሃኑ ሲታጠፍ የሚያየው ኢንዴክስ ከ2.14 ወደ 2.21 ይቀየራል፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ አግድሙ ሞድ ከቁሙ ሞድ ጋር ይቀላቀልና ብርሃኑ ይባክናል።

ማካፈያው አንድ-ለሁለት ኤምኤምአይ (ብርሃኑን በአጭር ሰፊ ቦይ ውስጥ የሚከፍል) ይሁን። ፍጹም እኩል ካላካፈለ አትደንግጡ። የመውጫው አጣማሪ እኩል ከሆነና በሁለቱ ክንዶች መካከል 0.55 ዴሲቤል ልዩነት ካለ እንኳ 30 ዴሲቤል የብሩህና የጨለማ ልዩነት ታገኛላችሁ፤ 20 ዴሲቤል ለማግኘት 1.7 ዴሲቤል ድረስ ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ሳምንታት ማጥፋት አይገባም።

4. ክፍተቱና ቪ-ፓይ

አቀማመጡ ግራውንድ-ሲግናል-ግራውንድ ነው፤ ሦስት የወርቅ መስመር፣ በሁለቱ ክፍተቶች ውስጥ ሁለቱ ክንዶች። መስኩ ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወጣ አንዱ ክንድ ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል። በአንድ ድራይቨር (ቮልቴጁን በሚያቀርበው አምፕሊፋየር) ሁለት እጥፍ ሥራ ታገኛላችሁ፤ የብርሃኑ ድግግሞሽም ምልክቱ በተለወጠ ቁጥር አይንሸራተትም።

ቀመሩ ይህ ነው፦

ቪ-ፓይ = የሞገድ ርዝመት × ክፍተት ÷ (2 × የኢንዴክስ ኩብ × አር33 × መደራረብ × ርዝመት)

መደራረብ የምንለው የኤሌክትሪክ መስኩና የብርሃኑ ሞድ ምን ያህል አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኙ ነው። ሁለቱን መስኮች ከሶፍትዌሩ አውጥታችሁ ታሰሉታላችሁ፤ በዚህ ቅርጽ 0.5 አካባቢ ነው። ክፍተቱን 5 ማይክሮሜትር እንያዝ። 1.55 × 5 = 7.75። 2.138 ኩብ 9.77 ነው፤ በ30.8 ቢባዛ 301፣ ሁለት እጥፉ 602። ዩኒቶቹ ሲስተካከሉ 1.29 ቮልት-ሴንቲሜትር ይወጣል፤ በ0.5 ሲካፈል 2.6። የ1 ሴንቲሜትር ሞዱሌተር 2.6 ቮልት ይፈልጋል፣ የ2 ሴንቲሜትሩ 1.3። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የታወቀ የስስ ፊልም ሥራ በ2 ሴንቲሜትር ላይ 1.4 ቮልት ለክቶ ነበር፤ ስሌታችሁ ከዚህ በጣም ከራቀ መደራረቡን መልሳችሁ ፈትሹ።

ቮልቴጁን ለመቀነስ ክፍተቱን ማጥበብ ያጓጓል። ወደ 4 ስትወርዱ ቪ-ፓይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወርቁ ወደ ብርሃኑ ይጠጋና ይበላዋል። ከሞድ ስሌቱ ላይ የወርቁን ብክነት አንብቡ፤ በሴንቲሜትር ከ0.1 ዴሲቤል ካለፈ ክፍተቱ ጠቧል። የማስክ አሰላለፍም ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ሊሳሳት ስለሚችል ስሌቱን ቦዩን በዚያ ልክ ወደ አንድ ወገን አንሸራትታችሁ ድገሙት። አምስት ማይክሮሜትር ለመጀመሪያ ዙር ደህና ነው።

5. ወርቁ

ዳገት ላይ የቆመ ባጃጅ የሚገፋ ሰው አብሮ መራመድ አለበት። ቀድሞ ከሄደ እጁ ይለቃል፣ ወደ ኋላ ከቀረም ያው ነው። እኩል ቢራመድ እንኳ ከደከመው የመጨረሻውን ዳገት ባጃጁን ይዞ ይሄዳል እንጂ አይገፋውም። ማይክሮዌቩ ገፊው፣ ብርሃኑ ባጃጁ ነው። እርምጃቸው ይመጣጠን፤ ገፊውም ቶሎ አይድከም። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

እርምጃውን ለማስላት ሁለት ቀላል የኤሌክትሮስታቲክ ስሌት ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉም ማቴሪያል በቦታው ሆኖ በሜትር ያለውን ካፓሲታንስ አውጡ። የሊቲየም ናዮቤት ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር በዜድ 28፣ በሌሎቹ 43 ገደማ ነው፤ ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቁጥር የሰጠ ሰው የተሳሳተ መልስ ያገኛል። ከዚያ ወርቁን ብቻ ትታችሁ ሁሉንም ማቴሪያል በአየር ለውጡና ስሌቱን ድገሙ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ካሬ ሩቱ የማይክሮዌቩ ኢንዴክስ ነው። ያን ኢንዴክስ ለብርሃን ፍጥነትና ለመጀመሪያው ካፓሲታንስ ብታካፍሉት ኢምፒዳንሱን ይሰጣችኋል።

ለምሳሌ የመጀመሪያው 150 ፒኮፋራድ በሜትር፣ ሁለተኛው 29.6 ቢወጣ ጥምርታው 5.07፣ ካሬ ሩቱ 2.25 ነው፤ ከብርሃኑ ግሩፕ ኢንዴክስ ጋር ገጥሟል። 2.25 ለ300 ሚሊዮን፣ ከዚያም ለ150 ፒኮ ሲካፈል 50 ኦም። የምትፈልጉት ይህን ነው። ወደዚህ ለመድረስ ሲግናሉን 15 ማይክሮሜትር ስፋት፣ ወርቁን 1 ማይክሮሜትር ውፍረት ሰጥታችሁ ጀምሩ፤ ስፋቱን ከ8 እስከ 25፣ ውፍረቱን ከ0.8 እስከ 1.5 አንቀሳቅሱ።

የትኛውን መያዣ ብታዞሩ ምን እንደሚሆን ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። ሲግናሉ ሲሰፋ ካፓሲታንሱ ይጨምራል፣ ኢምፒዳንሱ ይወርዳል። ወርቁ ሲወፍር መስኩ ወደ አየር ይወጣል፤ ኢንዴክሱ ይቀንሳል፣ ብክነቱም ይቀንሳል። ከላይ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ብታለብሱት ኢንዴክሱ ከፍ ይላል። ከሥር ያለው ዳይኦክሳይድ ሲሳሳ የሲሊኮኑ 11.7 ይሰማና ኢንዴክሱ ይጨምራል። ስለዚህ ኢምፒዳንስን በስፋት፣ ኢንዴክስን በውፍረትና በላይኛው ልባስ ግሩ፤ አንዱን ስትነኩ ሌላው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሦስት አራት ዙር መመላለስ ነው።

ምን ያህል መመጣጠን ይበቃል? ብክነት የለም ቢባል፣ ባንድዊድዝ በጊጋኸርዝ ለ1 ሴንቲሜትር = 13.3 ÷ የሁለቱ ኢንዴክስ ልዩነት። ልዩነቱ 0.1 ከሆነ 133 ጊጋኸርዝ፤ ሰፊ ቦታ አለ። ወርቁ በወፍራም ሊቲየም ናዮቤት ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ልዩነቱ 2 ስለነበር 6 ወይም 7 ጊጋኸርዝ ላይ ይቆም ነበር። ስስ ፊልሙ የፈታው ችግር ይህ ነው፤ ልዩነቱን ከ0.1 በታች ካመጣችሁ በኋላ እሱን ትታችሁ ወደ ድካሙ ሂዱ።

ድካሙ የሚመጣው ከኮንዳክተሩ ነው። በ1 ጊጋኸርዝ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በወርቁ ውስጥ 2.5 ማይክሮሜትር ይገባል፤ በ100 ጊጋኸርዝ 0.25 ብቻ። ያውም በሲግናሉና በግራውንዱ ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ብክነቱ በድግግሞሹ ካሬ ሩት ያድጋል። 5 ማይክሮሜትር ክፍተት ያለው ተራ ኤሌክትሮድ በ1 ጊጋኸርዝ ላይ በሴንቲሜትር 0.7 ዴሲቤል አካባቢ ይበላል።

አሁን ሁሉንም የሚወስነው ቁጥር፦ እርምጃው ከተመጣጠነ፣ የሞዱሌተሩ ምላሽ በ3 ዴሲቤል የሚወርደው የኤሌክትሮዱ ጠቅላላ ብክነት 6.4 ዴሲቤል በደረሰበት ድግግሞሽ ላይ ነው። 6.4ን ለርዝመቱና ለ0.7 ብዜት አካፍሉና በራሱ አባዙት። ለ1 ሴንቲሜትር 84 ጊጋኸርዝ። ለ2 ሴንቲሜትር 21። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ባንድዊድዙ ሩብ ሆነ። «ቮልቴጁ እንዲቀንስ ትንሽ እናስረዝመው» የሚባለው ነገር የብዙ ዲዛይን መቃብር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቮልቴጁ የሚቀንሰው በርዝመቱ፣ ባንድዊድዙ የሚቀንሰው በርዝመቱ ካሬ ነው።

የኤሌክትሮስታቲኩ ስሌት ወርቁን ፍጹም ኮንዳክተር ያደርገዋል። ከ5 ጊጋኸርዝ በታች ፍሰቱ በወርቁ ሙሉ ውፍረት ስለሚያልፍ እውነተኛው ኢንዴክስ ከፍ ይላል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እጩዎች በኦፕንኢኤምኤስ አሂዷቸውና ኢንዴክሱንም ብክነቱንም ከዚያ አንብቡ። ሶፍትዌሩ ቅርጹን የሚከፋፍልበት ፍርግርግ በወርቁ ጠርዝ ላይ ከ0.1 ማይክሮሜትር በላይ ከሆነ ብክነቱን አሳንሶ ያሳያችኋል፤ የሚያስደስት ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ ፍርግርጉን ጠርጥሩ።

ሁለቱንም፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅና ሰፊ ባንድዊድዝ፣ የግድ ከፈለጋችሁ መንገዱ ቲ-ቅርጽ ኤሌክትሮድ ነው። ዋናው የወርቅ ሐዲድ ከብርሃኑ ርቆ፣ በሰፊ ክፍተት ይሄዳል፤ ከሐዲዱ የሚወጡ ትንንሽ ቲዎች ቮልቴጁን እስከ ቦዩ ዳር ያቀርባሉ። ፍሰቱ ሰፊውን መንገድ ስለሚይዝ ብክነቱ ወደ 0.3 ይወርዳል፤ በ2 ሴንቲሜትር ከ110 ጊጋኸርዝ በላይ ማለት ነው። በየ50 ማይክሮሜትሩ አንድ ቲ፣ የቲው ራስ 45 ማይክሮሜትር ቢሆን ቮልቴጁ በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል፣ የድግግሞሽ መዝጊያውም ከ1,000 ጊጋኸርዝ በላይ ስለሆነ አያሳስብም። ዋጋው ግን አለ፦ ቲዎቹ ማይክሮዌቩን ያዘገዩታል፤ በሲሊኮን ላይ ኢንዴክሱ ከ2.25 ያልፍና እርምጃው ይበላሻል። መሠረቱ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ 3.8 የሆነ ኳርትዝ መሆን አለበት፣ ወይም ሲሊኮኑ ከሥር መቦርቦር አለበት። ለመጀመሪያ ቺፕ አንመክረውም።

6. ርዝመቱን መቁረጥ

በተራው ኤሌክትሮድ 1.2 ሴንቲሜትር 58 ጊጋኸርዝና 2.1 ቮልት ይሰጣል። ልኩን ያሟላል፤ ግን አትውሰዱት። ወርቁ ሻካራ ሆኖ ብክነቱ ከ0.7 ወደ 0.9 ቢያድግ ባንድዊድዙ 35 ላይ ይወድቃል። 1 ሴንቲሜትር በዚያው መጥፎ ወርቅ 50 ጊጋኸርዝ ላይ ይቆማል፣ ቮልቴጁም 2.6 ነው። እኛ 1 ሴንቲሜትር እንቆርጣለን። ለ2.6 ቮልት ከጫፍ እስከ ጫፍ ድራይቨሩ በ50 ኦም ላይ 17 ሚሊዋት ያህል ማድረስ አለበት፤ ይህ 12.3 ዲቢኤም ነው።

7. ባያስ

ባያሱን፣ ማለትም ሞዱሌተሩ ምልክት ሳይመጣ የሚቆምበትን የብርሃን ደረጃ፣ በዲሲ ቮልቴጅ በዚያው ኤሌክትሮድ አትያዙት። በሊቲየም ናዮቤት ላይ የቆመ ዲሲ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይንሸራተታል፤ በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እርጥበት ያልተሸፈነ ቺፕ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይብስበታል። በአንዱ ክንድ ላይ 500 ማይክሮሜትር የሚረዝም ማሞቂያ ጨምሩ። ለግማሽ ዙር 40 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይበቃዋል። ከማሞቂያው ጎን ያለው ሌላው ክንድ አብሮ እንዳይሞቅ ክንዶቹን እዚያ ቦታ ላይ ቢያንስ 50 ማይክሮሜትር አራርቋቸው።

ሌላ ርካሽ ዋስትና አለ፦ አንዱን ክንድ በ100 ማይክሮሜትር አስረዝሙት። ብሩህና ጨለማው በየ10.7 ናኖሜትር ይመላለሳል፤ ማሞቂያው ቢቃጠል እንኳ የሌዘሩን ሞገድ ርዝመት ጥቂት በማንቀሳቀስ ባያሱን መያዝ ይቻላል።

8. ፓድና ማብቂያ

መግቢያው ፓድ፣ ማለትም መርፌው የሚያርፍበት የወርቅ ሰሌዳ፣ ከመለኪያው መርፌ ጋር ይግጠም፤ ለ67 ጊጋኸርዝ የተለመደው የመርፌ ርቀት 100 ወይም 150 ማይክሮሜትር ነው። ከፓድ ወደ 15 ማይክሮሜትሩ ሲግናል ስትወርዱ ኢምፒዳንሱን በየነጥቡ 50 ላይ ጠብቁ። በሌላው ጫፍ 50 ኦም ሬዚስተር ይዘጋዋል። ኤሌክትሮዱ 42 ኦም ሆኖ ቢመጣ ተመላሹ 21 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ስለሆነ አይጎዳም፤ 15 ዴሲቤል ድረስ ይታገሳል። ሁለቱን ግራውንዶች በሁለቱም ጫፍ አገናኟቸው። ካልተገናኙ የማይፈለግ ሞድ ይነሣና ምላሹ ላይ 20 ወይም 30 ጊጋኸርዝ አካባቢ ድንገተኛ ጉድጓድ ታያላችሁ፤ ሰው ብዙ ጊዜ በክሪስታሉ የሚያሳብበው እሱን ነው።

9. ማስኩ

በቺፑ ላይ አንድ ሞዱሌተር ብቻ አታስቀምጡ። ከዋናው ጋር የ0.5 ሴንቲሜትር ወንድሙን፣ ክፍተቱ 6 የሆነ ሌላ፣ ብርሃን የሌለበት ባዶ ኤሌክትሮድ በሁለት ርዝመት፣ ወርቅ የሌለበት ባዶ ቦይ አድርጉ። ሁለቱ ባዶ ኤሌክትሮዶች ሲለኩ የፓዱ ውጤት ተቀንሶ እውነተኛው ብክነት ይወጣል። እነሱ ከሌሉ ቺፑ ሲወድቅ የወደቀበትን ምክንያት ማወቅ አይቻልም።

ለፋይበሩ በቦዩ ጫፍ ላይ የሚሾል ማስፊያ አድርጉ። የተራ ፋይበር ሞድ 10 ማይክሮሜትር ነው፣ የቦዩ ከ1 እምብዛም አያልፍም፤ ሌንስ ባለው ፋይበርና በጥሩ ማስፊያ በአንድ ጫፍ ከ2 ዴሲቤል በታች ማውረድ ይቻላል፣ ያለ ማስፊያ ግን ከ5 በላይ ይባክናል። ከመላካችሁ በፊት የአምራቹን የሕግ ፋይል በኬሌይአውት አሂዱ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ማስኩን ከባዶ እንዲያነብ አድርጉ። የዜድ ቀስቱንም ይየው።

10. ቺፑ ሲመጣ

መጀመሪያ ቪ-ፓይን ለኩ። ይህን ለማድረግ የ1,550 ሌዘር፣ ፖላራይዜሽን (የብርሃኑን መስክ አቅጣጫ) ማስተካከያ፣ ፎቶዳዮድ፣ ፋንክሽን ጄኔሬተርና ኦሲሎስኮፕ ይበቃሉ። 10 ኪሎኸርዝ ሦስት ማዕዘን ሞገድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት ስጡ። በስክሪኑ ላይ ከአንድ ብሩህ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጨለማ ድረስ ያለው ቮልቴጅ ቪ-ፓይ ነው። ከ2.6 ይልቅ 5 ከሆነ መጀመሪያ ማብቂያው ሬዚስተርና ጄኔሬተሩ ቮልቴጁን ለሁለት እየተካፈሉት መሆኑን እዩ፤ ጄኔሬተሩ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ለ50 ኦም ወይስ ለክፍት ጫፍ እንደሆነ መቼቱን አንብቡ። ጨለማው በደንብ ካልጨለመ ፖላራይዜሽኑን አስተካክሉ፤ ካልተሻሻለ ነው ወደ ማካፈያው የሚኬደው።

ባንድዊድዙን ለመለካት 67 ጊጋኸርዝ ኔትወርክ አናላይዘር ከሌለ ኦፕቲካል ስፔክትረም አናላይዘርና የማይክሮዌቭ ምንጭ ይተካዋል። ከምንጩ ቋሚ ኃይል ስጡ፣ ከሌዘሩ መስመር ግራና ቀኝ የሚነሡትን ጎን መስመሮች ቁመት በየድግግሞሹ መዝግቡ፣ የኬብሉን ብክነት ቀንሱ። ቁመቱ በ3 ዴሲቤል የወረደበት ባንድዊድዛችሁ ነው። 0.02 ናኖሜትር የሚለይ መሣሪያ 2.5 ጊጋኸርዝ ስለሚለይ ከ10 ጊጋኸርዝ ወዲያ ያለውን በደንብ ያሳያል።

ኩርባው ከመጀመሪያው 1 ወይም 2 ጊጋኸርዝ ውስጥ አንድ ዴሲቤል ዘሎ ወርዶ ከዚያ ከተደላደለ ኢምፒዳንሱና ማብቂያው አልተጋጠሙም። በካሬ ሩት ቅርጽ ቀስ እያለ ከወረደ የወርቁ ብክነት ነው። እስከ አንድ ድግግሞሽ ደህና ሄዶ ወደ ዜሮ ወርዶ መልሶ ከተነሣ እርምጃው አልተመጣጠነም።

ድራይቨር አምፕሊፋየሩን ጎንደር ላይ ስትተክሉ ደግሞ የሙቀት ማስወገጃውን በአምራቹ ሠንጠረዥ ልክ አትግዙ። ከተማው ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ አካባቢ ነው፤ ያው ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። አንድ ደረጃ የሚበልጥ ማስወገጃ ውሰዱ፣ በማራገቢያው አፍ ላይ የአቧራ ማጣሪያ አድርጉ፣ በበጋ በየወሩ አጽዱት።